የቦዩ ውኃ መጥራቱ ደስ አይበልዎ

«ከባሕር ጠረፍ ብዙም የማይርቅ ረግረግ መሬት አለኝ። ጥልቅ ቦይ ቆፍሬ አጠነፈፍኩት። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር፣ አሁን ግን ሰብሉ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል፣ ዩሪያ ብጨምርም ያው ነው» ብለው ጽፈውልኛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የቦዩ ውኃ መስታወት መስሎ መጥራቱን፣ ታች ያሉ ሰዎችም ዝናብ እንደጀመረ ዓሣ አለቀብን ብለው እርስዎን መውቀሳቸውን ጣል አድርገዋል።

እኔን ያስደነገጠኝ የጠራው ውኃ ነው። ቅጠል በብዙ ምክንያት ቢጫ ይሆናል፣ የረግረግ ውኃ ግን ዝም ብሎ እንዲህ አይጠራም። አሲድ ከአፈሩ ውስጥ አሉሚኒየም ያሟሟል፣ አሉሚኒየሙ ደግሞ ደለሉን አያይዞ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ይኸው አሲድና አሉሚኒየም ነው የዓሣውን መተንፈሻ የሚያቃጥለው፣ የሰብልዎንም ሥር የሚያሳጥረው። ስለዚህ ወቀሳው እውነትነት ሳይኖረው አይቀርም።

ከእርሻዎ ሥር ግራጫ ወይም ጥቁር፣ ለስላሳ ጭቃ ያለ ይመስለኛል። ውስጡ ፒራይት የሚባል የብረትና የድኝ ውሁድ አለ። ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ ምንም አያደርግም። ቦዩ ውኃውን ሲያወርደውና አየር ሲያገኘው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣዋል፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ማለት ነው። 1 ቶን ፒራይት 1.6 ቶን ገደማ አሲድ ይሰጣል። የቦዩን ግድግዳ ጠጋ ብለው ይዩት፦ የድሮ ሥሮች በነበሩባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ የገለባ ዓይነት ቢጫ ነጠብጣብ ካለ፣ ግምቴ ልክ ነው።

ዩሪያውን ያቁሙ። ገንዘብዎን ከመብላቱም በላይ አፈሩን ይብስ ያሳምመዋል።

አሁን የሚያስፈልግዎ ጥቂት ሳንቃ ነው። መጀመሪያ እርሻው መሃል ጉድጓድ ቆፍረው ያ ጭቃ ከስንት ጥልቀት እንደሚጀምር ይለኩ። ከዚያ ቦዩ ወደ ውጭ በሚወጣበት ቦታ ግራና ቀኝ ምሰሶ ይትከሉ፣ ሳንቃዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርድረው ጎን ጎኑን በሸክላ አፈር ጥቅጥቅ አድርገው ይድፈኑ። ብረትና ሲሚንቶ አይጠቀሙ፣ አሲዱ ይበላቸዋል። የሳንቃው ከፍታ የእርሻው ውኃ ከጭቃው በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር እንዲቆም የሚያደርግ ይሁን። በተለይ በበጋ። አፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ ከቦዩ ሊያንስ ስለሚችል በጋውን ሙሉ ያንን ጉድጓድ እየሄዱ ይዩ። ትርፉ የዝናብ ውኃ በሳንቃው ላይ ፈሶ ይሄዳል። ሰብሉ ውኃ እንዳይተኛበት ከፈለጉ ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ ጭቃውን የማይነካ ቦይ ያውጡ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የመጀመሪያው ዝናብ በጋውን የተጠራቀመውን አሲድ አጥቦ ነው የሚመጣው፣ እሱን በአንዴ ከለቀቁት ታች ያለው ዓሣ እንደገና ያልቃል። ወንዙ ሞልቶ መፍሰስ እስኪጀምር ይጠብቁና ውኃው ከጭቃው በላይ ካለው ስንዝር ሳይወርድ ሳንቃውን አንድ በአንድ ያንሱ፣ መቼ እንደሚያነሱም ለታቾቹ ሰዎች አስቀድመው ይንገሯቸው።

ደጋግሜ የማየውና የሚያናድደኝ ነገርም አለ። ሰው ከቦይ ያወጣውን ጭቃ «ጥቁር ስለሆነ ለም ነው» ብሎ መደቡ ላይ ይቆልለዋል። እባካችሁ ተዉ! ያ እኮ አሲዱን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። እርስዎም አድርገውት ከሆነ መልሰው ውኃ ሥር ይቅበሩት፣ ካልቻሉም ኖራ ይደባልቁበት።

የታችኛውን ጭቃ በኖራ አክማለሁ ብለው ግን አይድከሙ፣ ለ1 ቶን ፒራይት ከ1.6 ቶን በላይ ኖራ ይጠይቃል። ያለዎትን የሰብሉ ሥር በሚደርስበት የላይኛው አፈር ላይ ይበትኑ። እስካሁን የወጣው አሲድ በአንድ ወቅት አይጠፋም፣ ዘንድሮ ሙሉ ምርት አይጠብቁ። ሳንቃው አዲስ አሲድ እንዳይፈጠር ያደርጋል፣ የቀረውን ዝናቡ ቀስ በቀስ ያጥበዋል።