መልስ፦ በረኪናና አቼቶ ለቤት ውስጥ ሙከራ

እህቴ፣ ወንድምሽ በኦንላይን የሚማረውን የአሲድና ቤዝ ሙከራ በበረኪናና በአቼቶ ኩሽና ውስጥ ቢሠራ ችግር አለው ወይ ብለሽ ነበር። አለው፣ በጣም! ሁለቱ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሳንባም ይጎዳል። በአቼቶ ፈንታ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ከሆነማ ይብሳል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ የሚድህ ሕፃን ካለ አስቢው። በረኪናን ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይቀላቅለው።

ይልቅ ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፎ ይቀቅል። ወይን ጠጅ ቀለም የያዘው ውሃ ሎሚ ሲገባበት ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ቤኪንግ ሶዳ ሲገባበት ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ትምህርቱ ያው ነው፣ እንዲያውም ያምራል። የመከላከያ መነጽር ያድርግ (የፀሐይ መነጽር አይቆጠርም)። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ከቀላቀለ ደግሞ ጠርሙሱን እንዳይከድነው፤ ጋዙ ሊያፈነዳው ይችላል። ብርጭቆውንም ለሻይ እንዳትመልሱት።