ጎመኔ ለምን ይጠቁራል? የጓዳ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን አሉ? ላጤ ነኝ፣ ባሕር ዳር ቀበሌ 14 ተከራይቼ ነው የምኖረው። ማታ ከሥራ ስገባ የተጠበሰ ቆረሶ ዓሣ ገዝቼ እገባና ከጎኑ ቶሎ የሚደርስ፣ የሚያቃጥል ጎመን መሥራት እፈልጋለሁ። ዩቲዩብ ላይ 5 ደቂቃ ቀቅለህ ጥበሰው ይላሉ፣ እኔ ጋ ግን አገዳው ጥሬ፣ ቅጠሉ የወታደር ልብስ መስሎ ይወጣል፣ ውሃው ደሞ እንጀራውን ያርሰዋል። ሎሚም ከመጀመሪያው ነው የምጨምረው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ፣ ደህና ነኝ። መጀመሪያ መቀቀሉን ተወው። ቪዲዮውን የሠሩት ሰዎች ባሕር ጠለል አካባቢ ከሆኑ የነሱ ውሃ በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ የኛ ከተማ ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃችን 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ስለዚ የነሱ 5 ደቂቃ ለኛ አገዳ አይበቃውም፣ አንተ ደሞ እስኪበስል ስትጠብቅ ቅጠሉ ያልቅለታል። የጋለ ዘይት ግን ከፍታ ብዙም አይገደውም።

የመጥቆሩ ነገር ከአሲድ ነው። ጎመን ሲሞቅ ከራሱ አሲድ ይለቃል፣ ክዳን ከገጠምክበት መውጫ ያጣና አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል ያበላሸዋል፣ አንተ ደሞ ከላይ ሎሚ ጨመርክበት! ሎሚ ከእሳት ካወረድክ በኋላ ነው። የዘጌ ሎሚ ካገኘህማ ግማሹ ይበቃል።

እንግዲ እንዲህ አድርግ፣ አንድ እስር ጎመን አጥበህ በደንብ አጠንፍፈው፣ እዚ ላይ አትቸኩል፣ የእንጀራህ መራስ ግማሹ ከዚ ነው የሚመጣው። አገዳውን ለብቻ ደቀቅ አድርገህ፣ ቅጠሉን ጠቅልለህ እንደ ክር ክተፈው። መጥበሻውን ባዶውን አግለው፣ በተለይ ምድጃህ የኤሌክትሪክ ከሆነ ታገስ፣ ቶሎ አይግልም። 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዛ አገዳው ቀድሞ ይግባና 3 ደቂቃ ያህል እያማሰልክ ጥበሰው፣ ከዛ ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርት የተከተፈ፣ ትንሽ ዝንጅብልና 3 ወይ 4 ቃሪያ። ነጭ ሽንኩርቱ ቀድሞ ከገባ አርሮ ይመርሃል። የቃሪያው ማቃጠል በብዛት ያለው ዘሩን በያዘው ነጭ ሥጋ ላይ ስለሆነ እንዲያቃጥል ከፈለክ እሱን አትጣለው። ሽታው ሲያውድ ቅጠሉን ሁለት ቦታ ከፍለህ አስገባ፣ አንዴ ከሞላህበት መጥበሻው ይበርድና ጎመኑ መጠበሱን ትቶ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ክዳን የለም! ጨው መጨረሻ ላይ፣ ቀድሞ ከገባ ውሃውን ያወጣዋል። ሚጥሚጣ ካማረህ ካወረድከው በኋላ ነስንስበት፣ እሳት ላይ ከበተንከው ያከራየችህ ሴትዮ ሳይቀሩ ያስላቸዋል፣ ደሞ ሚጥሚጣው ውስጥ ጨው ስላለ የራስህን ቀነስ አድርግ።

በጣም ከቸኮልክ ቆስጣ ግዛ፣ ቅጠሉ ስስ ነው፣ መጥበሻ ላይ 2 ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ለዓሣ የማደላው ለሐበሻ ጎመን ነው፣ ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚለው ጣዕሙ ከቆረሶ ጋር ይሄዳል። ቅዳሜ ገበያ በጠዋት ከወጣህ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ታገኛለህ፣ ስትመርጥ አገዳውን ስበረው፣ ቀጭ ካለ ለጋ ነው፣ እንደ ገመድ ከተጎተተ ለሻጯ መልስላት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትህ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እናቴ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስዳለች፣ ዋርፋሪን ነው። ጎመን ክልክል ነው አሏት፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ጭራሽ ክልክል ነው ማለት አይደለም። ጎመንም ቆስጣም ቫይታሚን ኬ በብዛት አላቸው፣ እሱ ደሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሰዋል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ሳምንት ምንም ሳይበሉ ቆይተው ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን ሲሆን ነው፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን የሚያስተካክለው እንደ ደም ምርመራዋ ስለሆነ አመጋገቧ ድንገት ሲለዋወጥ ልኩ ይዛባል። የምትበላው መጠን ከሳምንት ሳምንት ብዙ አይለያይ፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ደሞ ለሐኪሟ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ጎመኑን በቅቤ መጥበስስ ይሆናል?

መልስ፦ በፍስክ እንዴታ! ግን የተነጠረ ቅቤ ይሁን፣ ያልተነጠረው በዛ እሳት ላይ ያራል። ከጎኑ አይብ ካለ ቃሪያውን አንድ ጨምሩበት።