ሁለት አምፕሊፋየር፣ አንድ ጥንድ ስፒከር

ጥያቄ፦ አባቴ ትቶልኝ ያለፈ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር፣ ሸክላ ማጫወቻና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አሉኝ። ወንድሜ ደግሞ ከዱባይ የሆም ቴአትር ሪሲቨር ከነሰብዉፈሩና ከነኋላ ስፒከሮቹ ላከልኝ። ሳሎኔ ጠባብ ስለሆነ የአባቴን ስፒከሮች ለፊልምም ለሙዚቃም ልጠቀምባቸው አሰብኩ። አንድ ባለሙያ «የሁለቱንም ገመድ ስፒከሩ ላይ እሰሪው፣ አንዱን ስታበሪ ሌላውን አጥፊ» አለኝ። ይሆናል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አባትሽን ነፍስ ይማር። እህቴ፣ እባክሽ እንዳታደርጊው!

ሪሲቨሩም በውስጡ አምፕሊፋየር አለው። አንዱ አምፕሊፋየር የሚያወጣው ኃይል ወደ ስፒከሩ ብቻ አይሄድም። በዚያው ገመድ ዞሮ የሌላውን መውጫ ይመታዋል። ቢጠፋም እንኳ ሊጎዳ ይችላል። ደግሞስ አንድ ቀን ሁለቱም አብረው መብራታቸው ይቀራል? ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ እንግዳ አለ። በዚህ ምክንያት ትራንዚስተሩ የነደደ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ከልቤ አዝናለሁ። ለአሮጌ አምፕሊፋየር ትክክለኛውን መለዋወጫ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ስፒከሮቹ ከአባትሽ አምፕሊፋየር ጋር እንደታሰሩ ይቆዩ። ከሪሲቨሩ ጀርባ «ፕሪ አውት» የሚል ጽሑፍ ፈልጊ፤ ድምፁ ለስፒከር ሳይጎላ በሲግናል መልክ የሚወጣበት ነው። ከፊት ግራና ቀኝ መውጫዎቹ በተለመደው ቀይና ነጭ ገመድ አውጥተሽ አምፕሊፋየሩ ላይ «ኦክስ» የሚለው መግቢያ ላይ ሰኪ። «ፎኖ» ላይ በፍጹም! እሱ የሸክላን ደካማ ሲግናል ለማጉላት የተሠራ ነው፤ የፊልሙን ድምፅ ያበላሸዋል።

ፊልም ስታዪ ሁለቱም ይበራሉ። የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም መሃል አካባቢ አቁሚና ቦታውን በትንሽ ፕላስተር ምልክት አድርጊበት። ሪሲቨሩ ከማይክሮፎን ጋር መጥቶ ከሆነ፣ ሪሲቨሩ የስፒከሮቹን ድምፅ የሚያመጣጥንበትን ልኬት የምታሠሪው የአምፕሊፋየሩ ቮልዩም እዚያ ምልክት ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ በኋላ መጨመር መቀነሱ በሪሲቨሩ ሪሞት ብቻ ይሁን። ወደ ሸክላው ከመመለስሽ በፊት ግን የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም ዝቅ አድርጊ።

ሙዚቃ ስትሰሚ ሪሲቨሩን አጥፊው። በዚህ አልደራደርም። በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አምሃ ሬከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ከአባትሽ ስብስብ ውስጥ ካሉ፣ በአምስት ስፒከር ሊበተኑ አልተቀዱም። ሳክስፎኑ ከፊት ለፊትሽ ሲነፋ ነው ጣዕሙ።

ካገናኘሻቸው በኋላ «እምምም» የሚል ድምፅ ከመጣ ሁለቱንም አንድ ዲስትሪቢውተር ላይ ሰኪ። ካልጠፋ የዲሹን ገመድ ንቀይና አዳምጪ። ብዙ ጊዜ መንስኤው እሱ ነው። ድምፁን ለማጥፋት ብለሽ የኧርዝ ገመድ እንዳታስቆርጪ፤ ለሕይወት አደገኛ ነው።

ሪሲቨሩ «ፕሪ አውት» ከሌለው፣ ወይም ያለው የሰብዉፈር መውጫ ብቻ ከሆነ፣ የስፒከር መቀያየሪያ ሳጥን ግዢ። ስትገዢ ሁለቱን አምፕሊፋየሮች በአንዴ የማያገናኝ፣ ፕላሱንም ማይነሱንም አብሮ የሚቀይር መሆኑን አረጋግጪ። ከመቀየርሽ በፊት የሁለቱንም ቮልዩም ዜሮ ላይ አድርሺ።