የፒክአፕ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት መቼ ይቀየር? ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ካምቢዮ መፍታትና መግጠም ነው። ፈትቼ ካየኋቸው ኦቶማቲክ ካምቢዮዎች ብዙዎቹ ዘይታቸው በጊዜው ቢቀየር ኖሮ እኔ ጋ አይመጡም ነበር። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ፒክአፕ ካምቢዮ ዘይት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፤ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፒክአፔ 90,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የካምቢዮ ዘይቱ ተነክቶ አያውቅም። የሸጠልኝ ሰው «ዕድሜ ልክ የሚሠራ ዘይት ነው፣ አይቀየርም» ብሎኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። በዚህ ቃል ስንት ካምቢዮ እንደተበላሸ አይቻለሁ። አንድ ማስረጃ ልስጥህ። ዜድኤፍ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ባለ 8 ማርሽ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ይሠራል። በመጀመሪያው ትውልድ ኦቶማቲክ ቮልስዋገን አማሮክ ላይ የተገጠመው እሱ ነው። ይህን ካምቢዮ የሚገጥሙ አንዳንድ መኪና አምራቾች ዘይቱ አይቀየርም ይላሉ። ካምቢዮውን የሠራው ዜድኤፍ ራሱ ግን እንደ አነዳዱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ፣ ወይም በ8 ዓመት ይቀየር ይላል። እኔ የማምነው የሠራውን ነው። አንተ 90,000 ላይ ነህ፤ አሁን ቀይረው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ቁርጥ ያለ ቁጥር ስጠን። በስንት ኪሎ ሜትር?

መልስ፦ መጀመሪያ የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱና ስለ ከባድ አጠቃቀም የሚያወራውን ክፍል ፈልጉ። ብዙ ሰው የተለመደውን አጠቃቀም አይቶ መጽሐፉን ይዘጋል። ፒክአፕ ግን ጭነት ከጫነ፣ ዳገት ከበዛበት፣ መንገድ ተጨናንቆ ቆም ሄድ እያለ ከዋለ፣ አሸዋና ጭቃ ውስጥ ከገባ አጠቃቀሙ ከባድ ነው። መጽሐፉ ምንም ካላለ እኔ የምከተለው ይሄ ነው። ባዶውን ረጅም አስፋልት ለሚሄድ ከ80,000 እስከ 100,000። ጭነትና ዳገት ላለበት ከ50,000 እስከ 60,000። ተጎታች እየጎተተ ለሚውል ደግሞ 40,000 ባያልፍ እመርጣለሁ።

ለምን እንዲህ ይራራቃል? ዋናው ነገር እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ዘይቱን የሚገድለው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሙቀት ነው። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ዕቃ ቶርክ ኮንቨርተር ይባላል። ኃይል የሚያስተላልፈው በዘይት ነው። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ማራገቢያዎችን አስቡ። አንዱ በሞተሩ እየዞረ ዘይቱን ይወረውራል፣ ሌላው በተወረወረበት ዘይት ግፊት ይዞራል። አንዱ ፈጥኖ ሌላው ሲዘገይ ዘይቱ መሃል ላይ ይናጣል፣ ይግላል። ጭነት ይዛችሁ ዳገት ቀስ እያላችሁ ስትወጡ የሚሆነው ይሄ ነው። ሜዳ ላይ በጥሩ ፍጥነት ስትሄዱ ግን ውስጡ ያለው መቆለፊያ ፍሪሲዮን ሁለቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ ሙቀቱም ይወርዳል።

ዘይቱ በደህናው ቀን ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሠራል። ከዚያ በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ ያዙ። 120 አልፎ ከቆየ መጥቆር ይጀምራል፤ የጎማ ማኅተሞቹም ይደርቃሉ። ስለዚህ 30,000 ኪሎ ሜትር ተጎታች የጎተተ መኪና፣ ባዶውን 100,000 ከሄደው የባሰ ዘይት ሊኖረው ይችላል።

ጥያቄ፦ በቀለሙ ማወቅ አይቻልም?

መልስ፦ በከፊል። አዲሱ ብዙውን ጊዜ ቀይና ጥርት ያለ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል አድርጉ። ቡናማ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ዘይት ብቻ አይደለም፣ ካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚይዙት ፍሪሲዮኖችም ተበልተዋል። ግን ቀይ ሆኖ ያለቀ ዘይት አለ፤ ከመጀመሪያውም ቀይ ያልሆነ ዘይት አለ። ከቀለሙ ይልቅ ሽታውን እመኑ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የኔ መኪና 220,000 ኪሎ ሜትር አልፏል፤ ዘይቱ ተቀይሮ አያውቅም። ሁሉም ሰው «ከነካኸው ይሞታል፣ ተወው» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አባቴ፣ ይሄ ወሬ ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። ሰው ዘይት መቀየር ትዝ የሚለው ካምቢዮው መንሸራተት ሲጀምር ነው። ያኔ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ዘይቱ በተቀየረ በሳምንቱ መኪናው ይቆማል፤ ጥፋቱም በአዲሱ ዘይት ይላከካል። ሌላም እውነት አለበት። ከፍሪሲዮኑ የረገፈው ብናኝ ዘይቱ ውስጥ እየተንሳፈፈ ያለቀውን ፍሪሲዮን ትንሽ ያዝ ያደርገው ይሆናል። አዲስ ዘይት ሲገባ ያ ይጠፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ መኪናውን ይፈትኑት። ፍሬን ረግጠው ከፒ ወደ ዲ፣ ከዚያ ወደ አር ያስገቡ። ወዲያው ይይዛል ወይስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይቆያል? ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ መኪናው ባለበት ይቀራል? ሁለቱም ከሌሉ አይፍሩ። ግን በአንዴ ሁሉንም አያስቀይሩ፤ በግፊት በሚያጥብ ማሽንም አያስነኩት። ከታች የሚወጣውን ብቻ አፍስሰው በወጣው ልክ ይተኩ። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ይድገሙት፤ ከዚያም ሦስተኛ። መንሸራተት ከጀመረ ግን ገንዘብዎን ለጥገናው ያስቀምጡ። ዘይት የተበላ ፍሪሲዮን አያበቅልም።

ጥያቄ፦ ማፍሰስና በማሽን ማስቀየር ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከታች ያለውን ገንዳ ስታፈሱ የሚወጣው ሲሶው፣ ቢበዛ ግማሹ ነው። የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩና የማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ አፍስሶ «ቀየርኩ» ማለት ልክ አይደለም። በእያንዳንዱ ማፍሰስ 40 በመቶ ቢወጣ፣ ከሦስተኛው በኋላ ውስጡ ካለው 78 በመቶ ያህሉ አዲስ ነው። ማሽንም ሁሉም አንድ አይደለም። በማቀዝቀዣው ቱቦ ገብቶ በካምቢዮው በራሱ ፓምፕ ግፊት አሮጌውን እያወጣ አዲስ የሚተካው፣ በጊዜው ለሚቀየር ካምቢዮ ጥሩ ነው። በራሱ ኃይል እየገፋ፣ ማጠቢያ ኬሚካል እየጨመረ የሚሠራውን ግን አልወደውም።

ራሳችሁ ለምትሠሩ ደግሞ አደራ። ማፍሰሻውን ከመንካታችሁ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍቱ። ዘይቱን አፍስሰው መሙያው ዝጎ እምቢ ያላቸው ሰዎች አሉ። መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ፊልትሮውስ?

መልስ፦ ገንዳው ከተፈታ ፊልትሮውንና ጓርኒሲዮኑን አብራችሁ ቀይሩ። ገንዳው ውስጥ ያሉትን ማግኔቶች እዩ። እንደ ጭቃ ለስላሳ የሆነ ግራጫ ነገር ካለባቸው የተለመደ ነው፣ ጥረጉት። በጣት የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ካገኛችሁ ግን ዘይት ከመሙላታችሁ በፊት መካኒክ ይየው።

ጥያቄ፦ ዘይት ሁሉ ያው ቀይ አይደል? የተገኘውን ብጨምርስ?

መልስ፦ እባክህ አታድርገው! ቀለም ነው እንጂ ውስጡ ሌላ ነው። ለምሳሌ ፎርድ ለባለ 6 ማርሹ ካምቢዮ 6አር80 ሜርኮን ኤልቪ የሚባለውን ዘይት ያዛል፤ ለባለ 10 ማርሹ 10አር80 ደግሞ በጣም የቀጠነውን ሜርኮን ዩኤልቪ። ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ናቸው፣ ግን አይተካኩም። ባለ 6 ማርሹ ኦቶማቲክ ሃይሉክስ የሚጠቀመው ደብሊውኤስ የሚባለውን ነው። ውፍረቱና የፍሪሲዮን አያያዙ ሲለያይ ማርሹ በጥፊ እንደተመታ ይገባል፣ ወይም ይንሸራተታል። ከጣሳው ቀለም ይልቅ መመሪያው ላይ ያለውን ስም አንብብ።

ጥያቄ፦ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነዳጅ በቀስታ ረግጬ ስሄድ መኪናው ይርገፈገፋል። ልክ ቆርቆሮ መንገድ ላይ እንዳለሁ። ፍጥነት ስጨምር ይጠፋል። ካምቢዮዬ ሄደ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና ተስፋ አትቁረጪ። ያልሽው ሁሉ የቶርክ ኮንቨርተሩን መቆለፊያ ፍሪሲዮን ይመስላል። ዘይቱ ሲያረጅ ፍሪሲዮኑ አንዴ ያዝ አንዴ ለቀቅ እያደረገ ይንቀጠቀጣል። ትክክለኛውን ዘይት ሙሉ በሙሉ ስታስቀይሪ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። አትዘግዪ እንጂ፤ በቆየ ቁጥር ፍሪሲዮኑ ራሱ ይቃጠላል። ከዘይት በፊት ግን ካንዴላና ኮይሉን አስፈትሺ፤ ሞተር ሲያነክስም እንዲሁ ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄ፦ የኔ መኪና የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም። ልኩን እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ከታች በትርፍ ማፍሰሻ ቀዳዳ ነው የሚለካው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይሆናል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሾቹ ሁሉ አንድ በአንድ ይነካሉ። ከዚያ ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ ቡሎኑ ይፈታል። በአንዳንድ የቶዮታ ካምቢዮዎች ይህ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ነው። ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው። ሙቀቱ የሚነበበው በኮምፒውተር ስለሆነ በግምት አይሠራም። ዘይት ሲሞቅ ስለሚያብጥ፣ በጋለበት ከለካህ ጎደሎ ትተወዋለህ። ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል። ሲበዛ ደግሞ ዘይቱ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ግፊት አይይዝም።

ጥያቄ፦ ዘይቴ ደፍርሶ ነጣ ያለ ሮዝ ሆኗል።

መልስ፦ ዛሬውኑ መንዳት አቁም። ውሃ ወይም የራዲያተር ኩላንት ገብቶበታል። በብዙ ፒክአፕ የካምቢዮው ማቀዝቀዣ ራዲያተሩ ውስጥ ነው፤ ሲቀደድ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ኩላንት ፍሪሲዮኑ የተጣበቀበትን ማጣበቂያ ያላላል። መኪናው በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ እንጂ ጎማው እየዞረ አይጎተት፤ ሞተሩ ጠፍቶ ፓምፑ ስለማይሠራ ውስጡ ያለ ቅባት ይፋጫል።

ጥያቄ፦ የፎርባይፎሩና የዲፈረንሻሉ ዘይትስ አብሮ ይቀየራል?

መልስ፦ የየራሳቸው ዘይት አላቸው። ጥልቅ ውሃ ካቋረጥክ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አስፈትሽ። የጋለ ዕቃ ድንገት ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ውሃ ይስባል።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ ተጎታች ይዤ ረጅም ዳገት እወጣለሁ። ዘይቱ ቶሎ እንዳይሞት ምን ላድርግ?

መልስ፦ የመጎተቻ ሞድ ካለው ዳገቱ ከመድረሱ በፊት አብራው። ከሌለው በእጅ ዝቅ ያለ ማርሽ ያዝ። ማርሽ እየወጣ እየወረደ ሲያምጥ ነው የሚግለው። ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ማስገጠም ላንተ ቅንጦት አይደለም። የካምቢዮ ሙቀት የሚያሳይ መለኪያ ካለህ ዓይንህ እሱ ላይ ይሁን። 120 ካለፈ አመቺ ቦታ ፈልገህ ቁም፣ ፒ አስገባ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝ። ሞተሩን ግን አታጥፋ፤ ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚልከው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ነዳጅ ሳትረግጥ ጠብቅ፤ ቁጥሩ 100 አካባቢ ሲወርድ መንገድህን ቀጥል።