የሲናር መድኃኒት ከረጨሁ ወዲህ ስንዴዬ ቢጫ ሆነ

ጥያቄ፦ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በአንድ ጥማድ ስንዴ ላይ የሲናር (ስንዴ ውስጥ የሚበቅለው አረም) ማጥፊያ መድኃኒት ረጨሁ፤ ፒሮክሱላም የሚባለውን ነው። የቀዳሁት በክዳን፣ በግምት ነበር። በሳምንቱ ማሳው ቢጫ ሆነ። ጎረቤቴ «ቅጠሉን ገድሎታል፤ ምርት አትጠብቅ» አሉኝ። ገልብጬ ሽምብራ ልዝራበት? (ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ ኧረ አይገልብጡ! ነገ ጠዋት ከአምስት ስድስት ቦታ አንዳንድ እግር ነቅለው ግንዱን ከሥሩ በላይ በምላጭ ይሰንጥቁት። ከውስጥ ያለችው እምቡጥ ነጭና ጠንካራ ከሆነች ስንዴው አለ፤ ቡናማ ሆና ከላሸቀች ሞቷል። ፍርዱ በእርሷ ነው እንጂ በቢጫው ቅጠል አይደለም።

በቆሎ ላይ የሚረጨው አትራዚን ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራበትን መንገድ በቀጥታ ይዘጋል። ፒሮክሱላም ግን ሌላ ነው፤ ተክሉ ፕሮቲን የሚገነባባቸውን ሦስት አሚኖ አሲዶች እንዳይሠራ ያግዳል። ስንዴ መርዙን ሰባብሮ ያከሽፈዋል፤ ሲናር ይህን አይችልም። ብርድ ሲበዛ፣ ውኃ ሲተኛ ወይም መጠኑ ሲያልፍ ስንዴውም ይዘገያል፤ አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ቀለሙን መሥራት ያቅተዋል፤ ያለ ቀለሙ ደግሞ ብርሃን አይያዝም። ጎረቤትዎ ያዩት ይህን ነው። ነገር ግን ፍሬውን በአብዛኛው የሚሞሉት ከዛላው በታች ያለው የመጨረሻው ቅጠልና ዛላው ራሱ ናቸው። ያ ቅጠል በእርስዎ ማሳ ገና አልወጣም። አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ተስፋ አለ።

ቢጫው የረጩበትን የእግር መንገድ ተከትሎ ተሰምሮ ከሆነ መድኃኒቱ ተደራርቧል። ረባዳው ላይ ብቻ ከሆነ ውኃው ነውና ዛሬውኑ ቦይ ይክፈቱ። ዩሪያ መርዙን አያስለቅቅም።

በወጣትነቴ አርሲ ውስጥ የልማት ሠራተኛ ሳለሁ፣ እንዲህ ያለ ማሳ የነበራቸውን አንድ አባት «ይገልብጡት» ብዬ ነበር። አልሰሙኝም። በሦስተኛው ሳምንት ስንዴው ለመለመ። ቢሰሙኝ ኖሮ የልጆቻቸውን ጉርሻ አጥፍቼ ነበር።

ሽምብራውን ደግሞ ፈጽሞ አያስቡት፤ የዚህ መድኃኒት ቅሪት አፈር ውስጥ ለወራት ቆይቶ ጥራጥሬ ይጎዳል።

በክዳን መቅዳትን ግን አልታገሥም። በሊትር 45 ግራም የያዘው ዓይነት ለሄክታር ግማሽ ሊትር ያህል ይበቃዋል፤ ለጥማድዎ ማለትም ለሩብ ሄክታር 125 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የመለኪያ ስኒ ይግዙ። ግንዱን ሲሰነጥቁ ያዩትን ቢጽፉልኝ ቀጣዩን እንመካከራለን።