«ደህና ነኝ» ማለቴ ያስከተለብኝ ጣጣ

እህቴ፣ «የደም ምርመራውም ኤምአርአዩም ኖርማል ነው ተባልኩ፤ ግን ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ለአካል ጉዳት ድጎማ ሳመለክት ሕመሜን በምን ላስረዳ?» ብለሻል። እኔ ፋይብሮማያልጂያ አለብኝ፤ መላ ሰውነትን የሚያም፣ ድካምና የእንቅልፍ ችግር የሚያስከትል የቆየ ሕመም ነው። መጀመሪያ ሳመለክት ውድቅ ተደረገብኝ፤ የተሳካልኝ በይግባኝ ነው።

ያኔ «ውሸታም አሉኝ» ብዬ ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ። በኋላ የሕክምና መዝገቤን ቅጂ አስወጥቼ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ምን ቢል ጥሩ ነው? በየቀጠሮው «ታካሚዋ ደህና ነኝ ብላለች» ይላል። እውነትም ብያለሁ! ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እለው ነበር። እኔ ሰላምታ መመለሴ ነው፤ እሱ ጻፈው። የሚወስነው ሰው ደግሞ እኔን አያውቀኝም፤ የሚያውቀው ያንን ወረቀት ነው። ስለዚህ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት መዝገብሽን አንብቢ።

ሌላው ጥፋቴ ስለ ሕመሜ ብዙ፣ ስለማልችለው ነገር ግን ምንም አለመጻፌ ነው። «በጣም ያመኛል» ቢባል ማን ይለካዋል? «20 ደቂቃ ከተቀመጥኩ ጋደም ማለት አለብኝ፤ ልብስ ካጠብኩ በማግስቱ ከአልጋ አልወርድም» ሲባል ግን ሥራ ቦታ ምን እንደምሆን ይታያል። የሐኪሜ የመጀመሪያ ደብዳቤም «መሥራት አትችልም» ብሎ ያበቃ ነበር። ምንም አልጠቀመኝም። ሁለተኛው ስንት ደቂቃ እንደምቆም፣ ስንት ኪሎ እንደማነሳ፣ በወር ስንት ቀን ከሥራ ልቀር እንደምችል ከነምክንያቱ ዘረዘረ። ፋይሉን የቀየረው እሱ ነው።

ደግሞ በምርመራ አልታየም ማለት አይለካም ማለት አይደለም። የኔ በሽታ በደም ምርመራ አይገኝም፤ መስፈርት ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ከ18 የሰውነት ነጥቦች 11ዱ ሲጫኗቸው ማመማቸውን ያያል። የ2010ሩ የሕመሙን ስርጭት፣ ድካሙንና እንቅልፉን በነጥብ ይቆጥራል፤ ቢያንስ 3 ወር መቆየቱንም ይጠይቃል። ሐኪምሽ የትኛውን እንደተጠቀመና ስንት ነጥብ እንደሰጠሽ ይጻፍልሽ። «ኖርማል» ያሉሽን ውጤቶችም አትጣያቸው፤ ሌሎች በሽታዎች ተፈልገው እንደታጡ ያሳያሉ።

ስትነሺ የሚያዞርሽ ከሆነ ተኝተሽ፣ ከዚያ ለ10 ደቂቃ ቆመሽ የልብ ምትሽ ይለካ። የደም ግፊትሽ ሳይወርድ የልብ ምትሽ በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ ፖትስ የሚባለውን፣ ሲቆሙ የልብ ምት ከልክ በላይ የሚጨምርበትን ችግር፣ ሊያመለክት ይችላል። ማይግሬን ከሆነ ቀኖቹን ቁጠሪ።

ማስታወሻ ያዢ፣ ግን አታካብጂ። እኔ በየቀኑ «ሕመም ከ10፣ 10» ስጽፍ ወንድሜ አይቶ «ይሄን ማን ያምንሻል?» አለኝ። ልክ ነበር። ደህና የዋልሽበትንም ቀን ጻፊ። የምስክር ደብዳቤ ካሰብሽ ደግሞ ከቤተሰብ ይልቅ የድሮ አለቃሽን ጠይቂ። የኔዋ ስንት ጊዜ ሥራ አቋርጬ እንደወጣሁ ከመዝገቧ ቆጥራ ጻፈችልኝ።

ቀጣዩ ቀጠሮሽ መቼ ነው? ሦስት መስመር ጽፈሽ ይዘሽ ግቢ፦ ምን ማድረግ አቃተሽ፣ ስንት ቀን፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆንሽ። የኔ አፍ አሁንም «ደህና ነኝ» ይላል፤ እጄ ግን ወረቀቷን ያቀብላል።