ስለ እስያ ዝሆን የትኛውን ምንጭ ልመን? ለሚለው ጥያቄ

ጠያቂያችን ስለ እስያ ዝሆኖች የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጁ መሆኑን ገልጸው፣ አንዱ ምንጭ ሕንድ ውስጥ ከ27,000 በላይ ዝሆኖች አሉ ሲል ሌላው ወደ 22,000 ዝቅ ስለሚያደርገው የትኛውን መያዝ እንዳለባቸው፣ በአጠቃላይም ስለዚህ እንስሳ የሚታመን መረጃ ከየት እንደሚገኝ ጠይቀዋል። በቤተ መጻሕፍት የማጣቀሻ ክፍል ለዓመታት ስሠራ፣ በኋላም የተፈጥሮ ሳይንስ ጽሑፎችን ሳርም ይህን መሰል ጥያቄ ደጋግሞ ገጥሞኛል፤ የምመልሰውም በአብዛኛው ከገዛ ስሕተቴ የተማርኩትን ነው።

ከሕንዱ ቁጥር ልጀምር፤ ሁለቱም ምንጮች አልዋሹም። 27,312 የሚለው የ2017 ቆጠራ ውጤት ሲሆን፣ በዋናነት የተመሠረተውም ቆጣሪዎች በተመደበላቸው ክልል እየተዘዋወሩ በዓይናቸው ያዩትን በመመዝገብ ላይ ነበር። በ2025 ይፋ የሆነው የ22,446 ግምት ግን የተገኘው በሌላ መንገድ ነው። አጥኚዎቹ 21,056 የፋንድያ ናሙናዎችን ሰብስበው ከዘረመላቸው 4,065 የተለያዩ ዝሆኖችን ለዩ፤ ከዚያም የአንዱ ዝሆን ፋንድያ ስንት ጊዜ ተደጋግሞ እንደተገኘ በማየት ያልተገኙት ምን ያህል እንደሚሆኑ በስሌት ገመቱ። ስለዚህም ዘገባው በአንድ ቁጥር አይቆምም፤ ግምቱ ከ18,255 እስከ 26,645 ሊደርስ እንደሚችል ይገልጻል፣ ዘዴው ስለተለወጠም ውጤቱ ከቀደሙት ቆጠራዎች ጋር ሳይነጻጸር ለወደፊቱ መነሻ ሆኖ እንዲያገለግል ያሳስባል። ይህን ማሳሰቢያ ሳያነብ አንዱን ቁጥር ከሌላው ቀንሶ «ሕንድ ወደ 5,000 የሚጠጉ ዝሆኖችን አጣች» ብሎ የሚጽፍ ሰው መቀነሱን አልሳተም፤ የሳተው ሁለቱ ቁጥሮች የተለኩበት መለኪያ አንድ አለመሆኑን ነው።

እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ ከዚህ የተለየ ነበር። ለአንድ ትምህርታዊ መጽሔት ሳርም፣ በዱር የሚኖሩት የእስያ ዝሆኖች ከ40,000 እስከ 50,000 ይደርሳሉ የሚል ዓረፍተ ነገር ሦስት ምንጮች ስለደገፉት ያለ ሥጋት አሳለፍኩ። አንድ አንባቢ «ማን ቆጠራቸው?» ብለው ሲጽፉልኝ ግን የምመልሰው አልነበረኝም። የሦስቱንም ጽሑፎች ዋቢ ተከትዬ ወደ ኋላ ስሄድ፣ ሦስቱም የተገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነበር፤ እሱም ሕንዳዊው የዝሆን ተመራማሪ ራማን ሱኩማር በ2003 የየአገሩን ግምት ደምረው ያወጡት ከ41,410 እስከ 52,345 የሚደርስ አኃዝ ነው። በተከታዩ ዓመት ስቲቨን ብሌክና ሳይመን ሄጅስ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በጥቅጥቅ ደን የሚኖሩ ዝሆኖችን በተመለከተ የሚቀርቡት የየአገሩ ግምቶች አብዛኞቹ በቂ መሠረት የሌላቸው መሆናቸውን የሚተች ጽሑፍ አሳተሙ። ትችቱን የሚያውቁት ጥቂቶች ሲሆኑ ቁጥሩ ግን ዓመተ ምሕረቱን ጥሎ ዛሬም ይዞራል። ሦስት ምስክር ያቆምኩ መስሎኝ የቆየሁት፣ ለካ አንዱን ምስክር ሦስት ጊዜ ስሰማ ነበር።

ሌላው በቀላሉ የማይታይ ችግር ስለ አፍሪካ ዝሆን የተገኘው እውቀት በእስያው ስም መጻፉ ነው። አንድን ጽሑፍ ከማንበቤ በፊት ፎቶግራፉን የማየት ልማድ አለኝ። ጆሮው ሰፊ፣ ጀርባው መሐል ላይ ሰርጎድ ያለ፣ የኩምቢው ጫፍ ሁለት ጣት መሰል ነገር ያለው ከሆነ ዝሆኑ የአፍሪካ ነው። የእስያው ጆሮው አነስተኛ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ግንባሩ ለሁለት ጉብ ያለ ሲሆን ኩምቢው ጫፍ ላይ ያለው አንድ ጣት ብቻ ነው፤ እንስቶቹም እንደ አፍሪካዎቹ ጎልቶ የሚወጣ ጥርስ የላቸውም። ሥዕሉን የመረጠው ጸሐፊው ላይሆን ስለሚችል በዚህ ብቻ ጽሑፉን አልጥልም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን መስመር በጥርጣሬ አነባለሁ። ለምሳሌ መንጋውን አንዲት አሮጊት እንስት በጥብቅ ሥርዓት ትመራዋለች የሚለው ገለጻ በይበልጥ የታወቀው፣ ኬንያ ውስጥ በአምቦሴሊ ከ1972 ጀምሮ በቆየው ክትትል ነው። ሸርሚን ደ ሲልቫና ጆርጅ ዊተማየር በ2012 የስሪ ላንካውን የኡዳ ዋላዌ ዝሆኖች ከኬንያው የሳምቡሩ ዝሆኖች ጋር ሲያነጻጽሩ የእስያዎቹ ኅብረት ላላ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። (በዚህ ረገድ ስሕተት ለእኛ ብቻ የተጻፈ አይደለም። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 ለእስያ ዝሆን ስም ሲያወጣ ከተጠቀመባቸው ናሙናዎች አንዱ፣ ስቶክሆልም ውስጥ በአልኮል ተጠብቆ የኖረ ጽንስ፣ የአፍሪካ ዝሆን መሆኑ በፕሮቲንና በዘረመል ምርመራ የተረጋገጠው በ2013 ነው።)

በሰው እጅ ስለሚኖሩ ዝሆኖች ሲያነቡ ደግሞ ጸሐፊው ከምን እንደሚተዳደር አስቀድመው ይመልከቱ። ጎብኚ የሚያስተናግድ ማንኛውም ሥፍራ ራሱን «መጠለያ» ብሎ ሊጠራ ይችላል፤ ቃሉ ብቻውን ስለ አያያዙ የሚነግረን የለም። በአንጻሩ በ2008 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በአውሮፓ የአራዊት ማቆያዎች የተወለዱ የእስያ እንስት ዝሆኖች መካከለኛ ዕድሜ (ግማሾቹ ከዚያ በፊት፣ ግማሾቹ ከዚያ በኋላ የሚሞቱበት) 18.9 ዓመት፣ በምያንማር ግንድ በመጎተት የሚሠሩት ደግሞ 41.7 ዓመት መሆኑን አሳይቷል። የምያንማሩ አኃዝ ክብደት ያለው፣ የመንግሥቱ የእንጨት ድርጅት ለእያንዳንዱ ዝሆን የልደት፣ የእናት፣ የሥራና የሞት መዝገብ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስለያዘ ነው። ሆኖም እነዚህም ሥራ የሚሠሩ እንስሳት ስለሆኑ የዱር ዝሆን ዕድሜ ማሳያ አድርጎ መጥቀስ አይገባም።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ መጀመሪያ የዓለም አቀፉን የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ይክፈቱ፤ ዝርያው ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበው ከ1986 ጀምሮ ነው። የግምገማውን ዓመት ይመዝግቡ፣ ከዚያም የዋቢ ዝርዝሩን ይከተሉ። የዚሁ ኅብረት የእስያ ዝሆን ባለሙያዎች ቡድን የሚያሳትመው «ጋጃህ» የተሰኘ መጽሔት በነፃ ይገኛል፤ ዝሆኖቹ ከሚገኙባቸው 13 አገሮች የሚመጡ የመስክ ዘገባዎችን ስለሚይዝ ከማንኛውም አጠቃላይ መድበል ይበልጥ ጠቅሞኛል። የዜና ጽሑፍን የምጠቀምበት ወደ ዋናው ዘገባ ለመድረስ ብቻ ነው። ሲያነቡም ለእያንዳንዱ ቁጥር ማን ቆጠረ፣ መቼ፣ በምን ዘዴ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በኅዳጉ ላይ ይጻፉ፤ ሦስቱም ካልተመለሱ ቁጥሩን ይለፉት።

ስለ ሕንድ ለመጻፍ ያሰቡትን ምዕራፍ በተመለከተ፣ ሁለቱንም ቁጥሮች ከነዘዴያቸው ያስቀምጡ፣ የ2025ቱንም ከነዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰኑ ይጥቀሱ፤ ቀነሱ ወይም ጨመሩ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን ይተዉት።